ከከበሮው በፊት ያለው ማኅሌት

ወንጪ ሐይቅ ላይ ባለችው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ በጀልባ ተሻግሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እኔ የምመክረው ግን ጥር 15 ወይም ሐምሌ 19፣ የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ በዓል ሲከበር፣ ከዋዜማው ጀምሮ ማኅሌት መቆም ነው።

ዜማው የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ስልቱ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ መሣሪያው መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ።

ማኅሌትን የማያውቅ ሰው ቶሎ የሚያነሣት ቅሬታ አለች፦ «ያንኑ ይደጋግሙታል»። ይህ ስሕተት ነው። አንዲቱ ቃል መጀመሪያ በቁም ትባላለች፤ መሪጌታው ይመራል፣ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለቱ ረድፎች ይቀበላሉ፣ ከበሮ የለም። ቀጥሎ ዝማሜ ነው። አጠገቤ የቆሙ አንድ አረጋዊ ሲዘምሙ ተመልክቼ ነበር፤ ድምፃቸው ሲወጣ መቋሚያቸው አብሮ ይነሣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ዜማውን በዓይኔ አየሁት። ከዚያ በመረግድ ከበሮው በዝግታ ይገባል፣ ጸናጽሉ ይከተላል። በመጨረሻ ጽፋት ይመጣል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ በእጅ ይጨበጨባል። ቃሉ ያው ነው፣ አካሄዱ ግን አራት ዓይነት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ታሊስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለ40 የተለያዩ ድምፆች አንድ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደርሷል። የዚያ ድርሰት ግርማ ብዙ ዜማ በአንድ ጊዜ መደራረቡ ነው። በእኛ ማኅሌት ግን ሁሉም የሚያዜመው አንዱን ዜማ ነው፤ ግርማው ቀስ በቀስ፣ በየተራው የሚከማች ነው። ተራውን ያልጠበቀ ሰው ሀብቱን አያገኘውም።

ስለዚህ ከበሮ ሲመታ ብቻ ስልኩን ይዞ የሚሮጠውን ሰው እወቅሰዋለሁ። ሊቃውንቱን መጋረዱ አንድ ጥፋት ነው፤ ዋናው ጥፋት ግን ቁሙንና ዝማሜውን ሳይሰማ ጽፋቱን መቅረጹ ነው። የቀረጸውን የሚያይ ሁሉ ማኅሌት ጭብጨባ ብቻ ይመስለዋል።

ወደ ወንጪ ስትሄዱ ብርሃን ሳለ ተሻገሩ። ሐይቁን የከበበው ተራራ ጠርዝ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ አትርሱ። ስትገቡ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከቁሙ ጀምሩ፣ ተራውን በጆሯችሁ ቁጠሩ። እንዲህ የቆመ ሰው «ይደጋግሙታል» ማለት ይተዋል።