ቡና የተባለው ኮከብና የፀሐይ እርጅና

ክረምቱ ሲወጣ በደቡብ ወሎ የምትገኘው የአቀስታ ሰማይ ጥርት ይላል። በታኅሣሥ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞሮ ቀና ያለ ሰው አልማክና አልጎል የተባሉትን ደማቅ ኮከቦች ያገኛል። በሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ፣ በባዶ ዐይን የማይለይ፣ በባይኖኩላር ግን የሚታይ ኮከብ አለ። የመዝገብ ስሙ ኤችዲ 16175 ነው። ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮች ኮከብ እንዲሰይሙ ጋብዞ ነበር፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይህ ኮከብ በኢትዮጵያ ምርጫ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔትም «አቦል» ተባሉ።

ቡና 196 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቀናል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ በኋላ መቅደላ ላይ የወደቁት ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ልጁ ካሳ ሳሉ ነው።

ከብርሃኑ ብዙ ይነበባል። የገጹ ሙቀት 5,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የፀሐይ 5,500 ነው። የሚረጨው ብርሃን ግን ከፀሐይ 3 እጥፍ ይበልጣል። ሙቀታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ብርሃናቸው ይህን ያህል ከተራራቀ፣ የቡና ገጽ ሰፊ መሆን አለበት። ስሌቱም ራዲየሱ ከፀሐይ 1.7 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ያሳያል። ኮከቡ እያበጠ ነው፤ ይህም የእርጅና ምልክት ነው።

ምክንያቱ ያለው እምብርቱ ውስጥ ነው። ኮከብ የሚያበራው ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠ ነው። ሂሊየሙ በተጠራቀመ ቁጥር እምብርቱ ይጨመቃል፣ ይግላል፤ የቀረው ሃይድሮጅን በፍጥነት ይነዳል፣ የውጩም አካል ይለጠጣል። ቡና ከፀሐይ በሲሶ ያህል ይከብዳል። ነዳጁ ቢበዛም የሚያባክነው ከዚያ በላይ ነው፤ ለፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት የሚበቃው የእምብርት ሃይድሮጅን፣ እንዲህ ባለ ኮከብ ውስጥ በዚያ ግማሽ ጊዜ ገደማ ያልቃል። የኮከብን እርጅና የሚወስነው የኖረው ዓመት ሳይሆን ያነደደው ነዳጅ ነው።

አንድ ኮከብ ሲያረጅ ተከታትሎ ለማየት የሰው ዕድሜ አይበቃም። ሆኖም በአቀስታ ገበያ አንድ ቀን የዋለ እንግዳ ሕፃኑን፣ ጎልማሳውንና ሽማግሌውን አይቶ የሰውን ዕድሜ እንደሚረዳ፣ ተመራማሪዎችም በተለያየ ደረጃ ያሉ ኮከቦችን እያነጻጸሩ የፀሐይን ታሪክ ያቀናብራሉ።

ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። ስትወለድ ብርሃኗ ከዛሬው በ30 በመቶ ያህል ያንስ ነበር፤ አሁንም በየቢሊዮን ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ5 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ቡና ዛሬ የጀመረውን መንገድ ትይዝና ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች፤ ሜርኩሪንና ቬነስንም ትውጣለች። ምድር ግን ያን ያህል ጊዜ የላትም፤ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የፀሐይ ብርሃን በርትቶ ውቅያኖሶቿን ማትነን ይጀምራል።

አገራችን እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሏት፤ የደቡብ ወሎ ደጋ ደግሞ ጨለማ ሰማይ አለው። ቡና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ቢነሣ፣ ተማሪው የፀሐይን ነገ አገሩ ከሰየመችው ኮከብ ይማራል።