ጓደኛችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ዳገት አስወጡት

ሰው “ጓደኛዬን በደንብ አውቀዋለሁ” ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ካፌ ጓደኝነት ነው። ማኪያቶ አዝዞ መሳሳቅ፣ ስለ ኳስ መከራከር፣ ሒሳብ ሲመጣ “ተው እኔ ልክፈል” መባባል ማንም ይችለዋል። ጓደኛ የሚፈተነው መንገድ ላይ ነው። እግር ሲዝል፣ ውሃ ሲያልቅ፣ አንዱ “እንቀጥል” ሌላው “እንመለስ” ሲል ያኔ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ይለያል!

ዛሬ የምናነሳው የአንድ ቀን ሽርሽር ጉዳይ ነው። ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው፣ አስጎብኚ ይዘው፣ ጫካና ተራራ ለማየት ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ፎቶ ይዘው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ፎቶም ቂምም ይዘው ይመለሳሉ።

ፈረንጁ ያየው፣ የሰፈሩ ልጅ ያላየው

ለጎንደርና ለአካባቢዋ ወጣት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 “አደጋ ላይ ያለ ቅርስ” ተብሎ መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጪ አገር የለውም። ሌሊት ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣና ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ ይውላል።

ጫካውም እንደ ከፍታው ልብሱን ይለውጣል። ከፍ ሲሉ አስታው ይመጣል፤ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ሽበት ተንጠልጥሎበታል። ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ነው። ጅብራ ዓመታት ቆይቶ አንዴ ያብብና ይሞታል።

ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው አይቶት ይሄዳል። ከተራራው ሥር ያደገው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በፖስት ካርድ ነው የሚያውቀው።

የሁለቱ ጓደኛሞች ነገር

ስማቸውን የማንጠቅሰው ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዱ የዛሪማ ልጅ ነው። ዛሪማ ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርደው፣ ድብ ባሕርን አልፈው የሚያገኟት ቆላ ናት። ይህ ልጅ ተራራውን ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ሲያየው ነው ያደገው። ሌላው ጎንደር ተቀጥሮ የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። ሁለት ወር ቆጥቦ፣ አንድ ቀን ፈቃድ ለምኖ “እንውጣ” አለው። ደባርቅ ተገናኙ። ትኬት ቆረጡ፣ አስጎብኚና ስካውት ያዙ፣ በኮንትራት መኪና ሳንቃበር ገቡ። ከዚያ ወደ ጅንባር ፏፏቴ በእግር ጀመሩ።

መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የዛሪማው ልጅ ራሱን ያመው ጀመር። አልተናገረም። ቆሎ ሲዘረጉለት “ጠግቤያለሁ” አለ። ጓደኛው “አይ ቆላ! ገና ምኑ ታየና ነው?” እያለ ይቀልድበታል። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀመጥ አስጎብኚው ቀረበው።

“ወንድሜ፣ ራስህን ያምሃል እንዴ?”

“ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ።”

“ቁርስስ በልተሃል?”

“አላሰኘኝም።”

“እንግዲያው እንመለስ። ፏፏቴው የትም አይሄድ።”

የጎንደሩ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። “የሁለት ወር ቁጠባዬ እኮ ነው!” አለ። በመጨረሻ አስጎብኚው የታመመውን ይዞ ወደ መኪናው ሲመለስ፣ እሱ ከስካውቱ ጋር ቀጠለ። ፏፏቴውን አየ። ፎቶ አነሳ። ማታ ደባርቅ ሲገናኙ የዛሪማው ልጅ ራሱ ለቆት ነበር፤ ጓደኝነቱ ግን ቀዝቅዞ ጠበቀው። ዛሬ ሰርግ ላይ ሲገናኙ “እንዴት ነህ?” ከመባባል አያልፉም።

ማን አጠፋ?

የዛሪማው ልጅ እንዲህ ይላል፤ “ፏፏቴውን ስላየ አልተቀየምኩትም። ሲሄድ ዞር ብሎ ስላላየኝ ነው።” የጎንደሩም መልስ አለው፤ “ደህና ነኝ ሲለኝ አመንኩት። ታዲያ ምን ላድርግ?”

እኛ እንፍረድ ከተባለ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። መቀጠሉ በራሱ ነውር አይደለም። ጓደኛው ብቻውን አልተጣለም፣ አዋቂ ሰው አብሮት ነበር። ጥፋቱ አንዲት ጥያቄ መቅረቷ ነው፤ “ልቀጥል ወይስ አብሬህ ልመለስ?” ይህችን ቢጠይቅ ኖሮ የታመመው ራሱ “ሂድ፣ የኔንም አይተህልኝ ና” ይለው ይሆናል። የዛሪማውም ልጅ ሕመሙን በኩራት መሸፈኑ ጥሩ አልነበረም። የተደበቀ ሕመም ጓደኛን ውሸታም ያደርጋል፤ ባላወቀው ነገር ጨካኝ ያስብለዋል።

ከፍታ ጉልበት አይፈራም

ብዙ ወጣት “እኔ ስፖርተኛ ነኝ፣ ምን ይነካኛል?” ይላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ሳንቃበር ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከቆላ ተነስቶ በአንድ ቀን እዚያ የወጣ ሰው ሰውነቱ ለመልመድ ጊዜ አላገኘም። ሕመሙ ጎበዝና ሰነፍ አይለይም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ያለ ልክ መድከም ከታየ ከፍ ማለት ይቁም፣ ዕረፍት ይደረግ። ካልተሻለው መውረድ ነው። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን “ትንሽ እንየው” ማለት የለም፤ ወዲያው ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ሐኪም! የሚሻለው ደባርቅ አንድ ሁለት ሌሊት አድሮ መውጣት፣ ውሃ መጠጣትና ቀስ ብሎ መራመድ ነው።

ይህ ነገር ለተራራ ብቻ አይደለም። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ካፋ፣ ሸካና ያዩ ጥቅጥቅ ያሉ ዝናማማ ደኖች የሚሄዱም አሉ። ዱር በቀል ቡና ያለው እዚያ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ከፍታው ሳይሆን ጭቃው፣ ዝናቡና ዛፍ ውስጥ የሚጠፋው መንገድ ነው። እዚያም ቢሆን የአስጎብኚውን ቃል ንቆ በአቋራጭ ልግባ የሚል ጓደኛ ሁለቱንም ችግር ላይ ይጥላል።

ከመውጣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2023 ወዲህም በክልሉ መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ሲሆን ታይቷል። ደባርቅ የሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና የመኪና ሾፌሮች የዕለቱን ያውቃሉ። “አይሆንም” ከተባላችሁ ቅሩ።

ሁለተኛ፣ የገንዘቡን ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የስካውትና የመኪና ሒሳብ በፊት ይታወቅ። አንዱ ታሞ ቢመለስ ያወጣው ገንዘብ እንዴት ይሆናል? ይህን ሳያፍሩ መነጋገር ነው።

ሦስተኛ፣ “እንመለስ” የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ወስኑ። የኛ ምክር፣ የአስጎብኚው ይሁን። እሱ ካለ ክርክር የለም።

አራተኛ፣ ሲያማችሁ ተናገሩ። ጓደኛችሁ ዝም ካለም ጠይቁት፤ አንዴ “ደህና ነኝ” ስላለ አትለፉት፣ ቆሎውን መብላቱን እዩ።

ለሁለቱ ወጣቶች ደግሞ፣ ይህን ገጽ ካነበባችሁ፣ ማን ይቅደም እያላችሁ አትጠባበቁ። የቀደመው ይደውልና ቡና ይጋብዝ። ጅንባር ያለ ቦታው አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ደባርቅ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ውጡ!