መልሱ ለምን አጠረ?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አቦሉ ተቀድቶ ነበር። ዋሽንግተን ያለ ልጃቸውን ጠይቀው የተመለሱት እናት አንድ ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል። ሲሄዱ አውሮፕላኑ ደብሊን አርፎ ነዳጅ ሞላ፤ ሲመለሱ ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማውን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ግድም ቦሌ ደረሰ።

«መንገዱ ያው መንገድ፤ መልሱ እንዴት አጠረ?»

መምህሩ የጎረቤት ልጅ ግማሹን መለሰላቸው። «ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ እማማ። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ዋሽንግተን ግን ዝቅ ያለ ነው።»

እናት የደብሊኑን ቆይታ ቀንሰው አሰቡት። ሰማይ ላይ የቆዩበት ሰዓት አሁንም ይበልጣል። የቀረው ግማሽ የት ገባ?

ቶናው ሲቀዳ መምህሩ ወደ ጃፓን ወሰዳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ታቴኖ ላይ ሆኖ ፊኛ ይለቅ ነበር። በመነጽር እየተከተለ ነፋሱ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚወስዳት ይመዘግባል። ደመና ሲውጣት ሌላ ይለቃል። ዲሴምበር 2 ቀን 1924 አንዷ ከዓይኑ ሳትጠፋ 9 ኪሎ ሜትር ወጣች። እዚያ የጠበቃት ነፋስ በሰከንድ 72 ሜትር ይጋልብ ነበር፤ ከቦሌ ኮምቦልቻ በአንድ ሰዓት የሚያደርስ ፍጥነት!

ኦይሺ ግኝቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ በ1926 በኤስፔራንቶ አሳተመው፤ ሕዝቦችን ሁሉ ያግባባል ተብሎ በተፈጠረው ቋንቋ። ዓለም ግን አላነበበውም።

18 ዓመት አለፈ። ኖቬምበር 24 ቀን 1944 የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ቶኪዮ ሰማይ ላይ ሲደርሱ አንዳች ኃይል ከኋላቸው ገፋቸው። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር አለፈ፤ አብዛኛው ቦምብ ዒላማውን ሳተ። ወረቀት ላይ ተኝቶ የነበረው ነፋስ በጦርነት መሀል ስሙን አስጠራ።

በሰላሙ ዘመን ደግሞ አንድ ሰው ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ፦ ብንፈናጠጠውስ?

በኖቬምበር 1952 አንድ የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ከቶኪዮ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሆኖሉሉ፣ ነፋሱን ይዞ በረረ። 18 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በ11 ሰዓት ተኩል አለቀ።

«ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው» አለ መምህሩ። «አትላንቲክ ላይ ሲሄዱ የታገለዎትም፣ ሲመለሱ የሸኘዎትም እሱ ነው።»

እናት ዝም ብለው ቆዩ። «ሰውየው ስንት ፊኛ ለቀቀ?»

«ከ1,200 በላይ።»

በረካው ተቀዳ። እናት እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያ እሱንም እንመርቀው» አሉ።