የሆንዳ 750 ሞተር ብስክሌት እስከ ዛሬ ስለ ምን እንደሚፈለግ

የጃፓን ሥራ ርካሽና ተሰባሪ ነው የሚለው ሐሜት ገና ፈጽሞ ሳይጠፋ፥ የሆንዳ ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ. ም. ሲ ቢ 750 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 1,495 ዶላር ነበር።

በዚያን ጊዜ ፈጣን ሞተር የሚሻ ሰው በብዛት ወደ እንግሊዝ ሥራዎች ያመራ ነበር። የእነዚያ ውበት የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን በእግር እየተመቱ የሚነሡ፥ ዘይትም የሚያንጠባጥቡ ነበሩ። ሆንዳ ግን አራት ሲሊንደርና 67 የፈረስ ጉልበት ያለው፥ ቁልፍ ተጭነው የሚያስነሡት፥ ከፊትም የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ሆኖ መጣ። የሞተሩም ቤት ከግራና ከቀኝ ሳይሆን ከላይና ከታች የተጋጠመ ስለ ሆነ ዘይት ማፍሰሱ ቀረ። በ1970 ዓ. ም. ዲክ ማን የተባለው አሜሪካዊ በዚሁ ሞተር የዴይቶናን ውድድር አሸነፈ።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የፋብሪካው የግምት ስሕተት ነው። ኩባንያው በዓመት 1,500 ይሸጣል ብሎ ስላሰበ፥ ውድ የሆነውን ማምረቻ ሳያሠራ የሞተሩን ቤት በቀላል ዘዴ ያፈስ ጀመር። ፈላጊው በወር 1,500፥ ኋላም 3,000 ሲደርስ ዘዴው ተለወጠ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚከፍሉት፥ የሚያስገርም ነው፥ በዚያ በችኮላው ዘዴ ለተሠሩት ነው።

በመቐለ ሓድነት ክፍለ ከተማ ያለ ባለ ሱቅ የዚህን ሞተር መለዋወጫ ላስመጣ ቢል ከውበቱ አስቀድሞ አየሩን ይመልከት። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በአራቱ ካርቡራተሮች ቤንዚን ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፥ ካንዴላውም ቶሎ ይበላሻል። የቤንዚኑ ማሳለፊያ በአነስተኛ ተለውጦ አራቱም እኩል እንዲስቡ መስተካከል አለባቸው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ከሌለ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ገንዘብ ያስራል፤ ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ባንክና መንገድ ሲዘጋ ያየ የመቐለ ነጋዴ፥ የታሰረ ገንዘብ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ስለሆነም ቀረጡን ከጉምሩክ አስቀድሞ ጠይቆ፥ ከደንበኛው ቀብድ ተቀብሎ፥ የሞተሩንና የሻሲውን ቁጥር ጽፎ ማዘዝ ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከኋለኞቹ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙምና።