ለቀጨኔ አረጋውያን የኅብረት ጂምናስቲክ

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣ መንገደኛ ቀጨኔ ሲደርስ፥ ጀበናና ምጣድ በየደጁ ተደርድሮ ያገኛል። ከሰፈሩ አረጋውያን ብዙዎቹ፥ ሴቶቹ ጭቃን ያለ መንኰራኵር በእጃቸው እያበጁ፥ ወንዶቹም በሸማ ጕድጓድ ተቀምጠው እየሸመኑ ያረጁ ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው «ጂምናስቲክ ሥራ» ቢሉት፥ «ዕድሜ ልኬን የሠራሁት አይበቃም ወይ?» ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሥራ ሁሉ አካልን እኩል አያጠነክርም። ብዙ ሰዓት ጐንበስ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ክንዱና ጣቱ ቢበረታም፥ ጭኑ ይደክማል፤ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታውም ይቀንሳል። በእርጅና ጊዜ ከመውደቅ የሚጠብቁት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ በያመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከሁሉ የሚበዙትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ከሞት የተረፈውም የዳሌው አጥንት ከተሰበረ፥ ከአልጋው ለመነሣት እንኳ የሰው እጅ ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ መጠነኛ እንቅስቃሴ፥ በ3 ቀንም ሚዛንንና ጕልበትን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል።

ነገር ግን ይህን ምክር በወረቀት ጽፎ ፊደል ላልቈጠረች እናት መስጠት ምን ይረባል? የሸክላ ሥራን ልጅ የእናቷን እጅ እያየች ትማራለች እንጂ ከመጽሐፍ አታገኘውም። ጂምናስቲክም እንዲሁ ነው። አንዱ ከፊት ቆሞ ያሳያል፤ ሌሎቹ እያዩ ይከተላሉ፤ ቍጥሩንም ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጠራሉ። የቀረ ቢኖር ጓደኛው «ምነው ቀረህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ የኅብረት ጥቅሙም ይህ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንደኛ፥ ከማይነቃነቅ ወንበር 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ሁለተኛ፥ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፤ ሦስተኛ፥ ግድግዳውን እንደ ያዙ በአንድ እግር ጥቂት መቆም ነው። ሲሠሩ መነጋገር ካቃተ እንቅስቃሴው በዝቷል። ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚያዞረው ወዲያው ያቁም። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

መምህራን ሆይ፥ በሰፈራችሁ ያሉትን ዕድሮች አነጋግሩ፤ ተማሪ ከወጣ በኋላም የትምህርት ቤታችሁን ሜዳ በሳምንት 3 ቀን ለአረጋውያን እንዲከፈት አድርጉ። ከእናንተ የሚፈለገው ከፊት ቆሞ ማሳየት ብቻ ነው።