የኮሶ ትል ከየት ይመጣል

ሥጋ ለሰውነት ብርታት የሚሰጥ መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን መልካም ምግብም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተገዛና በጥንቃቄ ካልተሰናዳ የበሽታ መንገድ ይሆናል። ይህም በኮሶ ትል ይታወቃል።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ደጋ አገር ጥሬ ሥጋ መብላት እጅግ የተለመደ ስለ ነበረ፣ ኮሶ የማይታየው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ያህል የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦለት በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። መድኃኒቱ መራራ ነው፤ ጠጪውንም ያደክመዋል። በዚያ ቀን እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ተብሎ ይመለስ ነበር። ከልክ አልፎ የጠጣውንም ሰው እስከ ሞት ያደረሰበት ጊዜ አለ። ሰውየው ግን እንደ ገና ጥሬ ሥጋ ሲበላ ትሉም እንደ ገና ይመጣበት ነበር።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1861 ዓመት፣ ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለ የጀርመን አገር ሊቅ የትሉን ዕንቍላል ለጥጃ አብልቶ፣ በጥጃው ሥጋ ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች ሲበቅሉ አየ። የትሉም መንገድ በዚህ ተገለጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትል ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላሎች በሣር ላይ ይቀራሉ። ከማነሳቸውም የተነሣ በዓይን አይታዩም። በሬ ሣሩን ሲግጥ ይውጣቸዋል። በበሬው ሥጋ ውስጥም የአተር ፍሬ የምታህል፣ ውኃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት ይሆናሉ። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ተጣብቆ ያድጋል፤ በሦስት ወር ያህል ጊዜም ብዙ ሜትር ይረዝማል። እንዲህም ሰው ለበሬ ያበደረውን በሬ ለሰው ይመልሳል።

አንዳንድ ሰው ሥጋው ቀይና ትኩስ ከሆነ ንጹሕ ነው ይላል። ሌላውም ሚጥሚጣና አረቄ ትሉን ይገድላሉ ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከረጢቷ በትልቅ ሙዳ ውስጥ ስትሸሸግ ዓይን ይስታታል፤ ሚጥሚጣም አፍን ያቃጥላል እንጂ እርሷን አያጠፋም። የሚያጠፋት እሳት ነው። ሥጋው እስከ ውስጡ ድረስ ቀይነቱን ለቆ ሲበስል ትሞታለች። ለብ ለብ ብቻ ያለ ክትፎ ግን ውስጡ ጥሬ ነውና አይበቃም።

ስለዚህ አስተዋይ ሰው ሥጋ ሲገዛ ርካሹን ብቻ አይፈልግም፤ በቄራ ታርዶ፣ ተመርምሮ፣ ማኅተም የተደረገበትን ይመርጣል። ማኅተም ቢኖርበትም አብስሎ ይበላል፤ መርማሪም ሰው ነውና አንዲት ከረጢት ልታመልጠው ትችላለች። ደግሞም በሜዳ አይጸዳዳም፤ በመጸዳጃ ቤት ይጠቀማል እንጂ።

በሠርግና በበዓል ቀን ጥሬ ሥጋ የክብር ምግብ ነውና እንቢ ማለት ያሳፍራል። ነገር ግን ከብዙ ወር ሕመም የአንድ ቀን ዕፍረት ይቀላል። ጥብስ የሚያቀርብ ጋባዥም እንግዳውን አከበረ እንጂ አላዋረደም። ትል የታየውም ልጅ ሳያፍር ለወላጆቹ ይንገር፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶም መድኃኒት ይቀበል።

መራራ ኮሶ ከመጠጣት ሥጋ እስኪበስል መታገሥ ይሻላል።