ቅጠልና የከተሜ ሳንባ

በጋው ሊያልቅ ሲል ከመንገድ ዳር የቆመ ዋንዛ ቅጠልን በጣት ጠረግ ቢያደርጉት ጣት ይጠቁራል። ዛፍ ለከተሜ ሳንባ ከሚውለው ውለታ አንዱ ይኸው ጥቁረት ነው። ሁልጊዜ የሚወደስበት ኦክስጂን ሰጪነቱ እዚህ ላይ ብዙ አይረባም፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ አየሩን ቢያሳሳውም የኦክስጂኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፣ መናፈሻ ኖረም አልኖረም።

ሳንባን የሚጎዳው ብናኝ ነው፤ በተለይ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው፣ ከፀጉር ውፍረት ከሃያ እጅ በላይ የሚቀጥነው። ከአሮጌ መኪና ጭስ፣ ከከሰልና ከሚቃጠል ቆሻሻ ይወጣል፤ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀሩት ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል።

አየር በቅጠሎች መካከል ሲያልፍ ይታጠፋል፤ ከብናኙ ከፊሉ አብሮ መታጠፍ ያቅተውና ቅጠሉ ላይ ያርፋል። እንደ ዋንዛ ሻካራ የሆነው፣ ጸጉር ያለውም፣ ከለስላሳው የበለጠ ይይዛል። ዝናብ አጥቦ ወደ አፈር ያወርደዋል፤ ዝናቡ ከዘገየ ግን ነፋስ ከፊሉን መልሶ ያነሳዋል።

ዋናው ነገር የት ተተከለ የሚለው ነው። ግራና ቀኙ ፎቅ በሆነ ጠባብ መንገድ ላይ የተንሰራፋ ዛፍ እንደ ድስት ክዳን ጭሱን ከታች ያፍነዋል። እዚያ የሚሻለው በመኪናና በእግረኛ መካከል ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ቁጥቋጦ ነው፤ ጭሱን ገና ከመውጫው ይቀበለዋል። መንገድ ዳር በሣርና በዘንባባ ማስዋብ ዓይን ይስባል፣ አልክድም። ሣሩ ግን ከእግር በታች፣ የዘንባባው ቅጠል ከራስ በላይ ነው፤ ጭሱ በመካከላቸው፣ ልክ በአፍንጫችን ከፍታ፣ ያለ ከልካይ ያልፋል።

በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍስ? ቅጠሉ ለጉንፋን ይታጠናል፣ ሽታውም ደረት የሚከፍት ይመስላል። ሆኖም በሙቀት ጊዜ የሚለቀው አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ ከመኪና ጭስ ጋር ፀሐይ ሲያገኘው የአየር ቧንቧን የሚያስቆጣ ኦዞን ይፈጥራል። እንጦጦ ላይ ትንፋሽ የሚቀለን በባሕር ዛፉ ይመስለናል፤ እኔ ግን ይበልጡን ከመኪና መራቃችን ነው እላለሁ። አስም ያለበት ሰው መናፈሻ ሲገባም ከአጥሩ ዳር ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ ቢሄድ ይሻለዋል፣ አበባ በሚፈካበት ሰሞን የአበባው ብናኝ አስሙን የሚያስነሳበት ካልሆነ በቀር።